ከቧንቧ የተቀዳ ሁሉ ንጹሕ ነውን?



ስለ ወንዝ ውሃና ስለ ኩሬ ውሃ ጉዳት ከዚህ በፊት ብዙ ሰምታችኋል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቧንቧ ውሃ ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል። በአንድ ምሽት ካልጨረሳችሁት ምልክት አድርጉበትና ነገ ቀጥሉ። ከበድ ያለ ቃል ሲገጥማችሁም አትዝለሉት፤ ፊደል በፊደል ድገሙት።

ነገሩ የተጀመረው በማታው ትምህርት ላይ ነው። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። ይህን የ2017 ዓ.ም. ክረምት ማንበብና መጻፍ ለማስተማር ዘምቼ ያለሁት ከእነዋሪ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ሰፈር ነው። በዚያ ምሽት የምናጠናው ቃል «ውሃ» የሚለው ነበር። በሰሌዳው ላይ «የቧንቧ ውሃ ንጹሕ ነው» ብዬ ጻፍኩና እንዲያነቡት ጠየቅሁ። ሁሉም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ብቻ ዝም አሉ።

«እማማ፣ እርስዎም ያንብቡት እንጂ» አልኳቸው።

«ማንበቡንስ አነበብኩት ልጄ» አሉኝ። «እውነት መሆኑን ነው ያላወቅሁት። የልጄ ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ሦስት ቀኑ ነው። ዓይኑ ጎድጉዷል። እኛ ደግሞ ወንዝ መውረድ ከተውን ቆየን። የምንጠጣው ከቦኖው ነው። ታዲያ በምን ታመመ?»

እኔም መልስ አልነበረኝም። ትምህርቱን አቋርጠን ልጁን ለማየት ሄድን። ከንፈሩ ደርቋል። ሲያለቅስ እንባ የለውም። በዚያው ሌሊት በሰው ትከሻ ጤና ጣቢያ ደረሰ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። እኔ ግን ያቺን በሰሌዳ ላይ የጻፍኳትን ዓረፍተ ነገር ልረሳት አልቻልኩም። ፊደሏ አልጎደለም። ነጥቧም በቦታው ነበር። ግን ግማሽ እውነት ናት። ይህን የምጽፍላችሁ እሷን ለማረም ነው።

የጠራ ውሃና ንጹሕ ውሃ

ውሃ የጠራ ከሆነ ንጹሕ ነው ብለን እናስባለን። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ድፍርስ ውሃ ራሱን ያሳብቃል፤ ዓይን ያየዋል፣ አፍም ይጸየፈዋል። ክፉው ጠላት የማይታየው ነው። ባክቴሪያ ይባላል።

ባክቴሪያ ምን ያህል ትንሽ ነው? ጤፍን ታውቃላችሁ። የአንዲት ጤፍ ፍሬ ርዝመት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በሰው አንጀት ውስጥ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች 500 ያህሉ ጫፍና ጫፍ ገጥመው ቢደረደሩ ነው የዚያችን ጤፍ ርዝመት የሚሞሉት። እንግዲህ አንድ ኩባያ ውሃ ሺህ ጊዜ ሺህ ባክቴሪያ ይዞ እንደ መስተዋት ኩልል ብሎ ሊታያችሁ ይችላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለወንዝ ሙላት ነው፤ ለኩባያ ውሃም ይሠራል።

እነዚህ ተዋሲያን ከየት ይመጣሉ? ሳናፍር እንናገረው፤ ከሰገራ ነው። ታይፎይድ፣ ኮሌራ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ የሕፃናት ተቅማጥ፣ የሁሉም ዋና መንገድ አንድ ነው። ከአንዱ ሆድ ወጥተው ወደ ሌላው አፍ ይገባሉ። ውሃ አጓጓዣቸው ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች የመጠጥ ውሃን ሲመረምሩ የሚፈልጉት ኢ. ኮላይ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚለው በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ትንሽ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ፣ ከዚህ ባክቴሪያ አንዲትም መገኘት የለባትም። አንዲት ከተገኘች ሰገራ ወደ ውሃው መንገድ አግኝቷል ማለት ነው።

ይህ ዛሬ ለሁላችን ግልጽ ይመስላል። ድሮ ግን ለተማረውም ሰው ግልጽ አልነበረም። በ1846 ዓ.ም. መጨረሻ (በአውሮፓ አቆጣጠር 1854) በእንግሊዝ ሀገር በለንደን ከተማ ብሮድ ስትሪት በሚባል ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ከ600 በላይ ሰው ገደለ። የዚያን ጊዜ ሐኪሞች በሽታው የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው ይሉ ነበር። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ግን የሟቾቹን ቤት እየዞረ ቆጠረ። በካርታ ላይም ምልክት አደረገ። አብዛኞቹ ውሃ የሚቀዱት ከአንድ የእጅ ፓምፕ ሆኖ ተገኘ። የሚገርመው የዚያ ፓምፕ ውሃ በጣዕሙ የተወደደ ነበር። ከሰፈሩ ርቀው የሚኖሩ አንዲት መበለት ጣዕሙን ስለወደዱት በጠርሙስ ይላክላቸው ነበር። እሳቸውም ሞቱ። የፓምፑ እጀታ እንዲነቀል ተደረገ። በኋላ ሲቆፈርና ሲመረመር አጠገቡ ያለ የአንድ ቤት የሽንት ቤት ጉድጓድ ወደ ውሃው ይሰርግ እንደነበር ታወቀ።

ሩቅ ሀገር ነው አትበሉ። በ2011 ዓ.ም. ኮሌራ በክልላችን በሰሜን ጎንደርና በዋግ ኽምራ ተከስቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በባሌ ተነሥቶ ወደ ብዙ አካባቢዎች ተዛመተ። ሕዝቡ አተት የሚለው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በየጊዜው የሚመላለሰው የውሃው ነገር ስላልተበጀ ነው።

ውሃው በምን መንገድ ይመጣል?

ብዙዎቻችን ቧንቧውን ከፍተን እንቀዳለን እንጂ ከወዲያ ምን እንዳለ አናውቅም። እኔም አላውቅም ነበር። ስጠይቅ የተረዳሁት እንዲህ ነው። ውሃው ከጎለበተ ምንጭ ወይም ከጥልቅ ጉድጓድ ይወሰዳል። ከጥልቅ የሚወጣ ውሃ በአፈርና በድንጋይ ውስጥ ሲጓዝ ስለተጣራ አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ነው። ፓምፕ ከፍ ወዳለ ቦታ ይገፋውና በማጠራቀሚያ ታንከር ውስጥ ይተኛል። ከዚያ በኋላ የሚገፋው የለም፤ በራሱ ክብደት በቧንቧ ውስጥ ቁልቁል እየወረደ ቦኖው ድረስ ይመጣል።

(ጨዋታ ካነሣን አይቀር፣ አልፍሬድ ኢልግ የሚባል የስዊስ ሀገር መሐንዲስ በ1871 ዓ.ም. ወደዚሁ ወደ ሸዋ፣ ወደ አንኮበር መጥቶ ነበር። በ1880ዎቹ ለዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አዲስ አበባ ላይ ውሃ በቧንቧ ሳበ። ውሃ ሽቅብ ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ ተገረመ ይባላል። ለካ ምሥጢሩ ይኸው ነው። መነሻው ከመድረሻው ከፍ እስካለ ድረስ በመካከል ያለውን ሸለቆ ወርዶ መልሶ ይወጣዋል።)

መንገዱ ይህ ከሆነ ውሃው የሚበላሸው የት ላይ ነው? ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ቧንቧው ላይ፣ ሁለተኛው ቤታችን ውስጥ።

መጀመሪያ ቧንቧውን እንይ። የሞረትና ጅሩን ጥቁር አፈር ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጫማ ያወልቃል፣ በሬ ያሰጥማል። ለዚህም ነው እናቶችና ልጆች ሳይቀሩ ማሳው ላይ በእጃቸው ሰፋፊ መደብ እየሠሩ ውሃውን በቦይ የሚያንጣፍፉት። ይህ የእነዋሪ ገበሬ ዘዴ ሌላ ቦታ ያሉ ተመራማሪዎችን ሳይቀር ያስደነቀ ነው። በበጋ ደግሞ ይኸው አፈር ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ክንድ ያስገባል።

እንግዲህ አስቡት። ቧንቧው የተቀበረው በዚህ በሚያብጥና በሚኮማተር አፈር ውስጥ ነው። አፈሩ ዓመት በዓመት ይገፋዋል፣ ይስበዋል። የድንጋይ ቤት ግድግዳ የሚሰነጥቅ አፈር ቧንቧን ምን ያደርገዋል? መጋጠሚያው ይላላል። ቀጭኑ ይሰበራል። በላዩ ላይ ጋሪና መኪና ሲያልፍበት ደግሞ ይብስበታል።

«ቢሰበርስ ውሃው ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ ቆሻሻ ወደ ውስጥ በምን ይገባል?» አሉኝ አንድ አባት። ጥሩ ጥያቄ ነው። ውሃው ቧንቧውን ሞልቶ እየገፋ ሳለ በእርግጥ ወደ ውጭ ነው የሚፈሰው። ችግሩ ውሃው ሲጠፋ ነው። መብራት ይጠፋል፤ ወይም ውሃ በተራ ይታደላል። ያን ጊዜ በቧንቧው ውስጥ የቀረው ውሃ ቁልቁል እየሸሸ ከኋላው ባዶ ቦታ ይተዋል። ባዶው ደግሞ ይስባል። በገለባ ውሃ የሚመጥ ልጅ አይታችኋል? ገለባው መሐል ላይ ከተሰነጠቀ ልጁ ሲስብ የሚገባው ውሃው ብቻ አይደለም፤ በስንጥቁ በኩል አየር ይገባል። ስንጥቁን ጭቃ ውስጥ ብትነክሩት ደግሞ ጭቃው ይገባል። በክረምት የተሰበረው ቧንቧ ዙሪያውን ያለው ጭቃ ነው። ጭቃው የከብት እበትና የሜዳ ሰገራ ያለበት ነው። ውሃው ተመልሶ ሲለቀቅ ይህን ሁሉ ጠርጎ ወደ ቦኖው ያመጣዋል።

ስለዚህ ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚወርደውን ለመጠጥ አትቅዱ። እስኪጠራ ለብቻው በባልዲ ተቀብላችሁ ለወለል ወይም ለእግር መታጠቢያ አድርጉት፤ መድፋት አያስፈልግም። ጠርቶ የሚመጣውን ቅዱ። ያንንም ቢሆን በዚያን ዕለት ሳታክሙት አትጠጡ። እንዴት እንደሚታከም ወደታች እናያለን።

ስለ ሽታውም ልንገራችሁ። አንዳንድ ቀን ውሃው እንደ በረኪና ይሸታል። በሰፈራችን «መድኃኒት ጨመሩበት፣ ማሕፀን ያደርቃል» እያሉ የሚደፉ አሉ። ወሬው ሐሰት ነው። ሽታው የክሎሪን ነው። ክሎሪን ባክቴሪያን ይገድላል። በ1901 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ለጀርዚ ሲቲ ከተማ ውሃ በቋሚነት መጨመር ከተጀመረ ወዲህ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። በመመሪያው መሠረት ውሃው ቦኖ ሲደርስ ቢያንስ በአንድ ሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ሊቀረው ይገባል። ይህ ለአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 4 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ክብደቱ ከ15 ያህል የጤፍ ፍሬ አይበልጥም! ያቺ ትንሽ ነገር ናት ዘብ የምትቆምልን። ጭቃ ያለበት ውሃ ውስጥ ግን ክሎሪኑ ከጭቃው ጋር ሲታገል ያልቃል፤ ለባክቴሪያው አይተርፍም። እንግዲህ ሽታው ሲመጣ አትፍሩ። ሽታው ጨርሶ ጠፍቶ ውሃው ሲደፈርስ ፍሩ።

ከቦኖው እስከ ኩባያው

አሁን ወደ ሁለተኛው ቦታ፣ ወደ ቤታችን እንምጣ። በ2008 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በመላ ሀገሪቱ የቤተሰቦችን የመጠጥ ውሃ አስመርምሮ ነበር። ውሃው መቅጃው ላይ ከነበረው ይልቅ ቤት ገብቶ ኩባያ ላይ ሲደርስ ይበልጥ ተበክሎ ተገኘ። ማለት በእኛው እጅ ነው የሚበላሸው።

በእማማ ቤት ያየሁትን በእሳቸው ፈቃድ እነግራችኋለሁ። «ጻፈው፤ ሌላው ይማርበት» ብለውኛል። ጀሪካኑ ከውጭ ታጥቦ ያበራል። ክዳኑ ጠፍቶ በቅጠል ውታፍ ተወትፏል። ቅጠሉ ከየት እንደተቀጠፈ ማን ያውቃል? ውስጡን በእጅ ባትሪ ሳበራ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ አተላ ተጋግሯል። በጣቴ ስነካው ያዳልጣል። ያ አተላ የባክቴሪያ ጎጆ ነው። ክሎሪን ያለበትን ውሃ ብትጨምሩበት እንኳ ክሎሪኑን ይበላዋል። ውሃው ከጀሪካኑ ወደ ጋን ይገለበጣል። ከጋኑ ደግሞ በጣሳ ይጨለፋል። ጣሳውን የሚይዘው እጅ ጠዋት ኩበት የጠፈጠፈ ነው። ሕፃኑም ራሱ እጁን ነክሮ ሲጠጣ አየሁት።

እማማ ሰነፍ አይደሉም። በረታቸው ውስጥ ለገበያ የሚቀልቡት ሰንጋ ቆሟል። የጅሩ ሰንጋ ስሙ እስከ አዲስ አበባ ነው። ለእሱ ገንዳው በየቀኑ ይታጠባል፤ ጭዱ ይበጠራል። ለሰንጋው የሚደረገው ለጀሪካኑ ያልተደረገው ውስጡ ስለማይታይ ብቻ ነው።

ጀሪካኑን እንዲህ እጠቡ። አንድ እፍኝ ጠጠር፣ ትንሽ ሳሙናና ውሃ አግቡበት። ክዳኑን ገጥማችሁ ቅቤ እንደሚናጥ ናጡት። አተላው ይላቀቃል። ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቁት። በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ክዳን ከጠፋ ገበያ ላይ ግዙ፤ ቅጠል ክዳን አይደለም። ከጋን በጣሳ መጨለፉን ተዉት፤ ከጀሪካኑ አዘንብላችሁ ቅዱ። ጋኑን መተው ያልፈለገ ሰው ረጅም እጀታ ያለው መጭለፊያ ይሥራ፤ መጭለፊያውን መሬት አያስቀምጠው፤ ይስቀለው።

ውሃን ማከም

የመጀመሪያው መንገድ ማፍላት ነው። ማፍላት ሁሉንም ይገድላል፤ ባክቴሪያውንም፣ አሜባውንም፣ ጃርዲያውንም። ግን በደጋ አንድ ነገር እወቁ። በባሕር ዳርቻ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ቀድሞ ይፈላል። እነዋሪ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ እዚህ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ መንተክተክ ይጀምራል። የባቄላ ንፍሮ ደጋ ላይ ለመብሰል የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ገና ማፍላት ሲጀምር አታውርዱት። ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። የእጅ ስልክ ያለው ሰው ሰዓቱን ይመልከት። ከዚያ በፈላበት ዕቃ ውስጥ እንደተከደነ ይቀዝቅዝ። ወደ ቆሸሸ ጀሪካን ከመለሳችሁት ድካሙ ከንቱ ነው።

እውነቱን እንናገር ካልን ግን 20 ሊትር ውሃ በየቀኑ አፍሉ ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ መሥራት ግን ከባድ ነው። በእኛ ደጋ እንጨት ውድ ነው። የሚነደው ኩበት ነው። ኩበቱ ደግሞ ባይነድ ኖሮ የማሳ ማዳበሪያ ይሆን ነበር። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ማፍላቱን ቢያንስ ለሕፃናትና ለታመመ ሰው አድርጉት። ለቀረው ቤተሰብ የውሃ ማከሚያ መድኃኒት ይበቃል። ውሃ አጋር የሚባለው ፈሳሽ አለ፤ በእንክብል መልክ የሚሸጥም አለ። ውሃው ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ አሳድሩት፣ በታጠበ ነጠላ አጥልሉት። ከዚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ። አወዛውዙትና 30 ደቂቃ ጠብቁ። መጠኑ እንደየዓይነቱ ስለሚለያይ በጎረቤት ቃል አትመሩ፤ ጽሑፉን አንብቡ። በረኪናን ግን በግምት ውሃ ውስጥ አትጨምሩ። አሜባንና ጃርዲያን ይህ መድኃኒት በደንብ እንደማይገድላቸውም እወቁ፤ ለእነሱ ማፍላት ይሻላል።

ገንዘብም ኩበትም ለሌለው ሰው ፀሐይ አለች። ቀለም የሌለው የሃይላንድ ጠርሙስ አጥባችሁ የጠራ ውሃ ሙሉበት። ጣሪያ ላይ አጋድማችሁ 6 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ይምታው። ሰማዩ በደመና ከተሸፈነ ሁለት ቀን ይቆይ። ለበጋ ወራት ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን እንኳን ለጠርሙስ ለልብስም ፀሐይ የለም።

ስለ መድኃኒቱ አንድ ብርቱ ነገር አለ። እማማ «እኔም እኮ የውሃ መድኃኒት አለኝ» ብለው ከመደርደሪያ ላይ ጠርሙስ አወረዱ። «ተከታትዬ እጨምር ነበር። ለልጁ ግን አላዳነውም።» ጠርሙሱን ሰጠኋቸውና የመጠቀሚያ ጊዜውን እንዲያነቡልኝ ጠየቅሁ። ቁጥር ቶሎ ነው የለመዱት። በጣታቸው እየተከተሉ «06/2024» ብለው አነበቡ። ፊታቸው በራ። «ሁለት ሺህ ሃያ አራት! ዘንድሮ 2017 አይደል? ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል» አሉ።

እኔ ደግሞ ደነገጥኩ። ያ የተጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ስድስተኛው ወራቸው ሰኔ 23 ቀን ያልቃል። 2024 የሚሉት የእኛ 2016 ነው። መድኃኒቱ ያለፈበት በሰኔ 2016 ዓ.ም. ነበር፤ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ክሎሪን ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል፤ በተለይ ሙቀትና ፀሐይ ባለበት። እማማ ባለፈው ዓመት ሁሉ ይጨምሩ የነበረው ኃይሉ የደከመ ፈሳሽ ነው። ማንበብ ባይችሉ ኖሮ አላነበብኩም ይሉ ነበር። አንብበው መሳሳታቸው ነው ያሳዘነኝ። እኛም አስተማሪዎቹ ይህን አላስተማርንም።

እንግዲህ ሁላችሁም አሁኑኑ እስክሪብቶ አንሡና ይህን ጻፉ። በመድኃኒት ላይ የሚታተመው ዓመት ብዙውን ጊዜ የአውሮፓ ነው። የወሩ ቁጥር ከ1 እስከ 8 ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንሱ። ከ9 እስከ 12 ከሆነ 7 ቀንሱ። 1 ጥር ነው፣ 6 ሰኔ ነው፣ 9 መስከረም ነው። ይህ ለውሃ መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ ለልጆች ሽሮፕም፣ ለከብት መድኃኒትም፣ ለፀረ ተባይም ይሠራል። ማታ ላይ ቤታችሁ ያለውን ጠርሙስ ሁሉ አውርዳችሁ አንብቡ። ቀኑ ያለፈበትን አትጠቀሙበት።

ልጅ ከታመመስ?

እዚህ ላይ ባጭሩ ልበል። ተቅማጥ የሚገድለው የሰውነትን ውሃና ጨው ስለሚያሟጥጥ ነው። ስለዚህ «ከጠጣ ይብስበታል» ብላችሁ ልጅን ውሃ አትከልክሉት። ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ዱቄት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ከጤና ጣቢያ ውሰዱ። የአንድ ሊትሩን ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ በጥብጡት። በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት። 24 ሰዓት ካለፈው ድፉትና አዲስ በጥብጡ። የሚጠባ ልጅ ጡት አይቋረጥበት። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እንባ ካጣ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ወይም በሰገራው ደም ከታየ ግን ቤት ውስጥ አትቀመጡ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። እማማ ሦስት ቀን የጠበቁት «ጥርስ እያበቀለ ነው» ተብለው ነው።

ሁሉም ችግር ግን ከባክቴሪያ አይደለም። ጠዋት የመጀመሪያው ውሃ ቀላ ካለ የብረት ቧንቧው ዝገት ነው፤ እስኪጠራ አፍስሱት። ማንበቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገርም ከድንጋይ የመጣ ማዕድን ነው፤ አያሳምምም። በስምጥ ሸለቆ፣ እንደ ወንጂና ዝዋይ ባሉ ቦታዎች፣ ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ጥርስን ያበልዛል፣ አጥንትን ይጎዳል። መመሪያው በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ያዛል። ያንን ማፍላት አያወጣውም፤ እንዲያውም ያበዛዋል።

የተሰበረው ቧንቧ

ከሰፈራችን በላይ በኩል ቧንቧው የተሰበረበትን ቦታ አግኝተነዋል። ያገኙት ልጆች ናቸው። በበጋም ሣሩ የማይደርቅበት ቦታ ነበር አሉ። ሄደን ስናይ ውሃው ተኝቶ ከብት ይጠጣበታል። ቀጥሎ ያለው ቁጥቋጦ ደግሞ ሰው የሚጸዳዳበት ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። እናንተም በየሰፈራችሁ የቧንቧውን መስመር ተከትላችሁ ሂዱ። ያለ ዝናብ የረጠበ መሬት፣ ያለ ወቅቱ የለመለመ ሣር ካያችሁ ከሥሩ ስብራት አለ ማለት ነው። የቦኖውንም ዙሪያ እዩ። ውሃ ከተኛበት ማሳችሁ ላይ እንደምታደርጉት ቦይ ቀድዳችሁ አንጣፉት። ከብት ማጠጫውን አርቁት። ሽንት ቤት ከውሃ ጉድጓድ ወይም ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ በታች በኩል ይቆፈር።

ስብራቱን መጠገን ግን የእኛ ሥራ አይደለም። በላስቲክና በገመድ ማሰር ይብስበታል። ስለዚህ በማታው ትምህርት ማመልከቻ ጻፍን። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ጸሐፊ ጽፎ ሰው ሁሉ በአውራ ጣቱ ይፈርምበት ነበር። አሁን ግን የጻፉት እነሱ ናቸው። ስብራቱ የት እንዳለ፣ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጠፋ፣ ሲመለስ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚደፈርስ፣ ስንት ልጆች እንደታመሙ ተጽፏል። አንዱ አባት «ዝም ብለን ውሃችን ተበላሸ ብንል ማን ይሰማናል? ቀኑንም ጻፉ» ብለው ቀን በቀን አስቆጠሩን። ሠላሳ ሰባት ሰው በገዛ እጁ ፈረመ። እማማ ስማቸውን ሲጽፉ አንድ ፊደል ገድፈው ሰርዘው ደገሙት። ግልባጭ አስቀርተን ለሚመለከተው ክፍል ሰጠን። የገቢ ቁጥርና ቀን በግልባጩ ላይ አስጻፍን፤ ይህን አትርሱ፣ ያለ ቁጥር የገባ ወረቀት ይጠፋል።

ማመልከቻው ከገባ ዛሬ 12 ቀኑ ነው። ቧንቧው ገና አልተጠገነም። ሁለት ሰዎች ማክሰኞ ተመልሰው እንዲጠይቁ ተመርጠዋል፤ አንደኛዋ እማማ ናቸው። እስከዚያው ድረስ ሰፈሩ ውሃ የሚቀዳው ከስብራቱ በላይ ካለው ቦኖ ነው። መንገዱ በግማሽ ሰዓት ይርቃል፤ ሴቶቹ ያማርራሉ፣ እውነታቸውን ነው። ስለ ጥገናው የምንሰማውን በሚቀጥለው እትም እጽፍላችኋለሁ።